ስልሳ አንድ ጊዜ የተሻገሩት ድልድይ

የጃካርታዋ ልጅ ድልድዩን ስልሳ አንድ ጊዜ ተሻግራዋለች። የጨዋታችን ሰርቨር እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚመዘግብ ቆጥሬዋለሁ። በስልሳ ሁለተኛው ፋንታ «ይህን ጨዋታ የሠራው ሰው አብዷል ወይስ ሊያሳብደን ነው?» ብላ ጽፋ ወጣች።

ጨዋታችን ሥዕል የለውም። ተጫዋቹ የቆመበትን ቦታ በጽሑፍ ያነባል፤ «ወደ ተራራ» ወይም «ወደ ባሕር» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። እኛ የባሊ ደሴት ሰዎች መንገድ የምንጠቋቆመው እንዲሁ ስለሆነ ለዓመታት ማናችንም ነገሬ አላልነውም። የሰርቨሩ ባለቤት ኢቡ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሳጉንግ ግን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው።

«ዳርማ፣ በዚህ ወር አሥራ አራት አዲስ ሰው ገባ። አሥራ አራቱም ድልድዩ ላይ ቀሩ» አሉኝ። «እሑድ እኔ ራሴ እገባለሁ። ከደቡብ ወደብ ተነሥቼ ሰሜን ወደብ ካልደረስኩ ሰርቨሩን እዘጋዋለሁ።»

ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ስመላለስበት የኖርኩት የጨዋታው ደሴት ነው። ቀልቤ ተገፈፈ።

ጥፋቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። የደሴቱን ደቡብ የጻፈው ደቡብ ባሊ የሚኖረው የጊያንያሩ ብሊ ራካ ነው፤ ሰሜኑን የጻፈው ሰሜን ባሊ የሚኖረው የሲንጋራጃው ብሊ ሱዋርሳ። ሁለቱም በዕድሜ ታላላቆቼ ስለሆኑ ብሊ፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ። ተራራው መሀል ላይ ነው፤ ድልድዩ ጫፉ ላይ። ከደቡብ የመጣ ሰው «ወደ ተራራ» እያለ ወጥቶ ድልድዩን ይሻገርና ማዶ ያለው መቅደስ ይደርሳል። አሁን ግን ተራራው ከኋላው ሆኗል። እንደገና «ወደ ተራራ» ሲል ተመልሶ ድልድዩ ላይ ነው።

«ጫፍ ከደረሰ በኋላ ወደ ባሕር ማለት አቃተው?» አለ ብሊ ሱዋርሳ በስልክ። «ሕፃን ነው እንዴ?»

«ሃያ እርምጃ ተራራ ተራራ ሲል የመጣ ሰው ድንገት ባሕር ይበል?» አለ ብሊ ራካ። «የእናንተ ተራራ እኮ ግልብጥ ነው!»

«ተራራው አንድ ነው። በጀርባው የተወለድከው አንተ ነህ!»

ፊት ለፊት ይለይላቸው ብዬ ቅዳሜ ቤዱጉል ገበያ ቀጠርኳቸው፤ ለሁለቱም መሀል ነው። መገናኛውን ራሳቸው ወሰኑ፦ ከገበያው በተራራው በኩል።

እንጆሪ ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። «የት ጠፋችሁ? በተራራው በኩል ከተገተርኩ ግማሽ ሰዓት ሆነኝ» አለ ብሊ ራካ።

ገና ሳልዘጋው ሁለተኛው ደወለ። «ያ የጊያንያር ሰው ፈርቶ ቀረ፣ አይደል? እኔ በተራራው በኩል ዝናብ እየደበደበኝ ነው።»

ተራራው ለደቡቡ ሰው በሰሜን፣ ለሰሜኑ ሰው በደቡብ ስለሆነ ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን ላስረዳ ሞከርኩ። ሁለቱም ተቆጡኝ። በመጨረሻ ሰለቸኝና «ብሊ፣ ተራራውን ተወው» አልኩት ራካን። «ፊት ለፊትህ ምን ይታይሃል?»

«በቆሎ ጠባሽ። ሰማያዊ ጃንጥላ ይዛለች።»

«እዚያው ቁም።»

ለሱዋርሳም ሰማያዊ ጃንጥላ ያላትን በቆሎ ጠባሽ ፈልግ አልኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በቆሎ እየጋጡ ጭቅጭቃቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ፤ እኔ ግን ላፕቶፔን ከፍቼ ነበር።

ከሰዓቱን በሙሉ እዚያው ተቀምጠን እያንዳንዱ መንገድ የት እንደሚያደርስና ከሩቅ ምን እንደሚታይበት ጻፍን። የቦታውን ስም ብቻ መጻፍም እንዲያስሄድ አደረግሁ። ብሊዎቹ የተጣሉት አንዴ ብቻ ነው፤ ከወደቦቹ የትኛው ይበልጥ ዓሣ ዓሣ ይሸታል በሚለው።

እሑድ ኢቡ ሳጉንግ መነጽራቸውን ሰክተው ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ድልድዩን ተሻገሩ። መቅደሱ ጋ ሲደርሱ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ወደ ተራራ፦ የመጡበት ድልድይ። ወደ ባሕር፦ ቁልቁለት፤ ከታች የሰሜን ወደብ ጀልባዎች ይታያሉ።» ዞር ብለው አዩኝ። «ይህችን ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባችሁ?»

«ሁለት ብሊ ስላለን ነው፣ ኢቡ።»

«ወደ ባሕር» ብለው ጽፈው ሰሜን ወደብ ሲደርሱ የጨዋታው ዓሣ አጥማጅ አንድ ቅርጫት ዓሣ አስረከባቸው። ፍርዴን ብጠብቅ እሳቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ኢቡ… እንግዲህ አይዘጋም?»

«ይሄ ዓሣ ለማን ነው የሚደርሰው?»

«ለደቡብ ወደብ ሹም። መመለሻው በ…»

ለተማሪ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን አነሡብኝ።

«ዝም በል። መንገዱ ተጽፏል።»