ሞተር ያጠፋሁ ዕለት

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ ምላሴ እንደ አሮጌ ጎማ ይተርተር።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ እነዳለሁ። በዚህ ከተማ የሚስተካከለኝ ሾፌር ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም መንጃ ፈቃድ አያወጣም። ጥሪ የምንጠብቀው ከታናሽ እህቴ መስኮት ሥር ነው። እህቴ ደግሞ አስም አለባት።

እኛ ሾፌሮች አንድ እምነት አለን፤ ሞተሩ የጠፋ መኪናን ጥሪ የሚያከፋፍለን የስልኩ አፕ ይረሳዋል፣ ጥሪ አይሰጠውም። ማን እንደነገረን አናውቅም። ግን ሁላችንም ሞተር ሳናጠፋ ቆመን እንውላለን። ጭሱ ደረጃ መውጣት አይከብደውም፤ ቀጥ ብሎ እህቴ ክፍል ይገባል።

አንድ ቀን ቀና ስል፣ እህቴ መስኮቱ ላይ አፏን በሻርፕ ሸፍና ቆማለች። ደሜ ፈላ! መኪናዬን መንገዱ መሃል አግድም አቆምኩና ሞተሬን ቀጭ አድርጌ አጠፋሁ። ከኋላዬ መቶ መኪና ጮኸ። ምን መቶ፣ ሦስት መቶ!

«ሰውዬ፣ አብደሃል? ጥሪ ያመልጠናል!» አለኝ ከኋላዬ የቆመው ሾፌር፣ ጎማው። ጎማው ያልነው በሆዱ ምክንያት ነው።

«ያምልጣ! የእህቴ ትንፋሽ ካመለጠ ማን ይመልሰዋል? አንተ?»

«አፑ ያግድሃል እኮ!»

«ያግደኝ! አፑ አልወለደኝ፣ አላሳደገኝ! አንተም ሆድህን ሰብስብና ቁልፍህን አዙር!»

ድምፄ የሦስተኛ ፎቅ መስታወት አርገበገበ። ጎማው ላብ በላብ ሆኖ አጠፋ። ከኋላው ያለውም አጠፋ፤ እያለ እያለ እስከ አደባባዩ ድረስ ጸጥ! የዝንብ ክንፍ ይሰማ ነበር። ሰማዩ ከግራጫ ወደ ሰማያዊ ሲዞር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጥሪውስ? እንደ በረዶ ወረደብን! የኩባንያው አለቃ ራሱ ደውሎ «እባክህ ጌታዬ» ሲለኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ እዚያ መንገድ ላይ ሞተር ሳያጠፋ የሚቆም ጠላቴ ነው።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ላነብላት ወጣሁ። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ጎማው ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

«እህስ?» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

መድኃኒቷን ወደ አፏ አስጠግታ ሳበች። ተነሥታም መስኮቱን ዘጋች።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የዚያን ቀን እኮ ከመኪናህ ሳትወርድ እጅህን አውለብልበህልኝ ሄድክ። አሁንም ታች የምትንተከተከው ያንተ መኪና ናት። እሷን ብቻ አጥፋልኝ።»