ሰባ ሦስት ቁጥር መንገድ የዞረበት ምክንያት

ሰባ ሦስት ቁጥር መንገድ ከቬሴሊ መንደር የእህል ጎተራ ሥር ይነሣና በበቆሎው መሐል እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አርቪላ ኮቫንዳ ደጃፍ ሲደርስ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። ወደ ግራ ታጥፎ ቤቷን በአክብሮት ይዞራል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ እስከ ወንዙ ድልድይ ይወርዳል። ነብራስካን በመሰለ ሜዳ አገር፣ ተራራ በሌለበት፣ ገደል በሌለበት፣ መንገድ እንዲያው በከንቱ አይታጠፍም። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ግን ቬሴሊ ውስጥ የሚስማሙ ሁለት ሰዎች አይገኙም።

አርቪላ ታሪኩን የወረሰችው ከአያቷ ከቦዜና ነው። መንገዱ መጀመሪያ የከብት ዱካ ነበር፤ ቀጥሎ የጋሪ ሆነ፤ ኋላ መንግሥት አስፋልት ላለብሰው ብሎ ቀያሾች ላከ። ቀያሾቹ ችካል እየተከሉ መጡ፣ መጡና፣ አንዱን ችካል ቦዜና ምድጃ ፊት ሊተክሉት ሆነ። ቦዜና አልጮኸችም፤ ጠመንጃም አላወረደችም። "መጀመሪያ ቁጭ በሉ" አለችና ኮላቼ አቀረበችላቸው፤ ያንን መሐሉን ጎድጎድ አድርገው የፕሪም ማርማላታ የሚሞሉትን ክብ ዳቦ። ቀያሾቹ እስኪመሽ በሉ። በማግስቱ ችካሉ ከቤቱ ማዶ ተተክሎ ተገኘ።

"ነጭ ውሸት!" ይላል ዴልበርት ስትራም።

ዴልበርት ጎረቤቷ ነው፤ ሚስቱ ኤልኖራ የሞተችበት፣ እርሻውን ለልጆቹ ያስረከበ ሽማግሌ። ጧት ጧት አርቪላ በአያቷ ቤት ወደ ከፈተችው ዳቦ ቤት ይመጣል፤ መስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር ይይዛል፤ የመጀመሪያውን ኮላቼ ሳይውጥ ነገር ይጀምራል።

"መሐንዲሱ ሰክሮ ነበር፤ በቃ። ሰካራም ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"የአያቴን ዳቦ እየበላህ የአያቴን ስም ታጠፋለህ? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል!"

"ዳቦው ይጣፍጣል አልኩ እንጂ ታሪኩ እውነት ነው መቼ ወጣኝ?"

ይህ ክርክር ሃያ ዓመት ሞልቶታል። መንደሩ ለምዶት፣ አንድ ቀን ሳይጨቃጨቁ ቢውሉ ሐኪም ይጠራ ነበር።

አርቪላን በዚያ መከር እንቅልፍ የነሣት ግን ዴልበርት አልነበረም። ትልቁ አውራ ጎዳና በደቡብ በኩል ከተከፈተ ወዲህ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ነጉዷል። ለእሷ የቀሩላት የእህል ጫኝ ሾፌሮችና በመከር የሚመጡ ወፍ አዳኞች ናቸው። እነሱም አስፋልቱ ስላለ ነው የሚመጡት። አስፋልቱ የሌለ ቀን ዳቦ ቤቱም የለም፤ ያን ጊዜ ኦማሃ ከተማ ሄዳ የልጇ ሳሎን ውስጥ ከሁለት ድመት ጋር ሶፋ መጋራት ነው። አርቪላ ከድመት ጋር አትስማማም።

ስለዚህ ትሩዲ ሃልቨርሰን የምትባል የመንግሥት መሐንዲስ አንድ ሰኞ መጥታ፣ ከኩርባው አጠገብ በመንገዱ አግድም ጥቁር የጎማ ቱቦ ስትቸነክር፣ አርቪላ ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች።

"ምንድን ነው እሱ የኔ ልጅ?"

"መቁጠሪያ ነው ሚስ አርቪላ። መኪና በረገጠው ቁጥር እዚያ ሣጥን ውስጥ ይመዘገባል። በሚቀጥለው ሰኞ መጥቼ አነሣዋለሁ።"

"ተቆጥሮስ?"

ትሩዲ አንገቷን ደፋች። ክፋት የሌለባት፣ ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ የሚነበብባት ልጅ ናት። "ትንሽ ከሆነ መንግሥት መንገዱን ለወረዳው ያስረክባል።"

ወረዳው ገንዘብ የለውም። የወረዳ መንገድ ማለት ጠጠር ማለት ነው። አርቪላ ለልጅቷ ኮላቼ በወረቀት ጠቅልላ ሸኘቻትና ወደ ውስጥ ገብታ ዴልበርት ፊት ቆመች።

"አንተ ሽማግሌ፣ ፒክአፕህ ነዳጅ አለው?"

"አለው። ለምን?"

"በቱቦው ላይ ሂድ፤ ተመለስ፤ ደግሞ ሂድ።"

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ወሬው በአንድ ቀን መንደሩን አዳረሰና ቬሴሊ በሙሉ መሪ ጨበጠ። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምዳቸውን መኪና ውስጥ አደረጉት። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ልጆቹን ቤታቸው ከማድረሱ በፊት ወዲህና ወዲያ እያለ አዞራቸው፤ ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ እናቶቻቸው ግን አልጮኹም፤ እነሱም ከኋላ እየተከተሉ ነበር። የመንደሩ ብቸኛ ኮምባይነር እንኳ የደረሰ በቆሎ ጥላ ወጣች። ዴልበርት መዞር ሲሰለቸው ወደ ኋላ መንዳት ጀመረና በመስኮት ብቅ ብሎ "ወደ ኋላስ ይቆጠራል?" እያለ ጠየቀ።

ችግር የፈጠረው ሰላምታው ነው። በቬሴሊ ሁለት መኪና ሲተላለፍ ሁለቱም ሾፌሮች ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሣሉ። ያላነሣ ወይ ታሟል፣ ወይ ተኳርፏል፣ ወይ ከተሜ ነው። አሁን ግን ያው ሰው ከያው ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ሲገናኝ ዋለ፤ በተገናኘ ቁጥር ጣት ማንሣት ግድ ሆነ። ረቡዕ ላይ የሰዉ ጣት አበጠ። ሐሙስ ፓስተር ሊንድግሬን ደክሟቸው አንዴ ሳያነሡ አለፉ፤ የጎተራው ኃላፊ ተቀይሞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ልፈልግ አለ። አርቪላ በዳቦ አስታረቀቻቸው።

ሰኞ ትሩዲ ተመልሳ ሣጥኑን ከፈተች። ከፍታ ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። መንደሩ ዳቦ ቤቱን ሞልቶ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ቡናውን ፉት ይላል።

"እንግዲህ" አለች ገብታ፣ "ይህ መንገድ ለወረዳ አይሰጥም።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዴልበርት ኮፍያውን ወደ ጣሪያ ወረወረ።

"ቆዩ፣ አልጨረስኩም። በዚህ ቁጥር ከሆነ መንገዱ መስፋት አለበት። ኩርባው ደግሞ ይህን ሁሉ መኪና ሲያስተናግድ አደገኛ ነው፤ መቃናት አለበት።"

"መቃናት ማለት?" አለች አርቪላ።

ትሩዲ ካርታዋን ዘረጋች፤ በጣቷ መስመሩን ተከተለች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችና ደነገጠች። "ማለት... በዚህ ምድጃ በኩል ያልፋል።"

ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይሄ ነው። አርቪላ ምድጃዋን አየች፤ አያቷ እሳት ያነደደችበትን፣ እናቷ ያረጀችበትን። መዋሸቱን አልቻለችበትም፤ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"የኔ ልጅ፣ መኪኖቹ እኛ ነን። የትም አንሄድም ነበር። እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው።"

"ገብቶኛል" አለች ትሩዲ ቀስ ብላ። "ሣጥኑ የመኪናውንም ዓይነት ይለያል። ቬሴሊ ስንት ኮምባይነር አላት?"

"አንዲት" አለ ባለቤቱ ከጥግ ሆኖ፤ አቀርቅሮ።

"ታዲያ ያቺ አንዲት ከኦማሃ አውቶቡሶች ሁሉ በላይ ስትመላለስ ሰንብታለች። ያልተናገርኩት ከራሳችሁ አፍ ልስማው ብዬ ነው። አሁን ግን እውነቱን መጻፍ አለብኝ፤ እውነቱን ከጻፍኩ ደግሞ ጠጠር ነው።" ካርታዋን ማጠፍ ጀመረችና መሐል ላይ ተወችው። "ለመሆኑ ለምንድን ነው እዚህ ላይ የሚዞረው? ታሪክ ያለው ቦታ ከሆነ መንግሥት ምልክት ያቆምለታል፤ ምልክት ያቆመበትን መንገድ ደግሞ ለመተው ያፍራል።"

አርቪላ ተናገረች፤ ቀያሾቹን፣ ችካሉን፣ ኮላቼውን። ትሩዲ እየሰማች ከፊቷ ያለውን ኮላቼ ገመጠች።

"ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን እርስዎ የልጅ ልጇ ነዎት፤ አለቆቼ ተረት ነው ይሉኛል። ዘመድ ያልሆነ የሚያውቅ ሰው አለ?"

ዓይን ሁሉ ዴልበርት ላይ አረፈ። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሸት ነው ብሎ የማለ እሱ ነው። አርቪላ አላየችውም፤ ማየት ፈርታ ነበር።

ዴልበርት ተነሣ። ኮፍያው ጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ቀርቶበት ስለ ነበር እጁን የሚያደርግበት አጣ።

"መሐንዲሱ አልሰከረም" አለ። "ችካል ተሸካሚው የኔ አያት ነበር፤ በቀን ሥራ ተቀጥሮ። እዚህ ቁጭ ብሎ በላ፣ በላና፣ መዶሻውን ሲያነሣ እጁ እምቢ አለው። 'ከዚች ሴት ምድጃ ፊት ችካል የሚመታ እጅ የለኝም' አለ። መሐንዲሱም 'እኔም የለኝም' አለው። ተያይዘው ወጥተው ማዶ ተከሉት። አያቴ ይህን እየነገረን ነው ያደግነው።"

"ታውቅ ነበር?" አለች አርቪላ። "ይህን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ አንተ ክፉ ሽማግሌ፣ ለምን ታቃጥለኝ ነበር?"

"ኤልኖራ ከሞተች በኋላ ቤቱ ጭር አለብኝ" አለ ዴልበርት ወለሉን እያየ። "እውነትሽን ነው ብልሽ ኖሮ፣ በማግስቱ ጧት ምን ብዬ እመጣለሁ?"

ማንም አልሳቀም። የጎተራው ኃላፊ ብቻ ወንበር ላይ ወጥቶ ኮፍያውን አወረደለት።

የብርዱን ወራት ሁለቱ ምልክቱ ላይ በሚጻፈው ቃል ሲጨቃጨቁ ከረሙ። በጸደይ ምልክቱ መጣ፤ ቡናማ ጣውላ፣ ነጭ ጽሑፍ። "በዚህ ቦታ ቀያሾች ኮላቼ በልተው መንገዱን አዞሩ" ይላል። ቬሴሊ በሙሉ ወጥቶ አጨበጨበ፤ አስፋልቱም አስፋልት ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ጧት ዴልበርት አረፈደ። ሲመጣም በሩ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን በእጁ ያዟዙራል። "እንደምን አደርሽ" አለ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ እንደምን አደርሽ ብሏት አያውቅም። ኮላቼውን ቆሞ ተቀበለ፤ ወንበሩን አየው እንጂ አልተቀመጠበትም፤ ሊሄድ ዞረ።

አርቪላ ጀርባውን አየች። ያ ወንበር ባዶውን የሚውልበትን ጧት ልትችለው እንደማትችል ያን ጊዜ ገባት።

"ስማ" አለች ጠረጴዛውን እየወለወለች። "ምልክቱን ያቆሙት በስህተት ማዶ ነው። ችካሉ የተተከለው ወዲህ ነበር።"

ዴልበርት ቆመ።

"ወዲህ? ማን ነው ወዲህ ያለው? አያቴ ማዶ ነው ብሎኛል!"

"አያትህ ጠግቦ ነበር። የጠገበ ሰው ግራና ቀኙን አያውቅም።"

"አንቺ ሴትዮ!" ብሎ ዴልበርት ፊቱ እየበራ ተመለሰ። "አሁን ደግሞ የአያቴን ስም ልታጠፊ ነው?"

"መጀመሪያ ቁጭ በል" አለችው አርቪላ።