ለሕፃኑ ክፍል ውሃ ሰማያዊ

"እስቲ አፍህን ግጠም፤ ከንፈርህን ልየው" አሉ አያቲቱ።

ቀለም ቀቢው ብሩሹን እንደያዘ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። በግራው በኩል መዳፍ የምታህል ውሃ ሰማያዊ ተቀብታለች፤ በቀኙም ሌላ ውሃ ሰማያዊ። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ናቸው። አያቲቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዴ መጋረጃ እየከፈቱ፣ አንዴ መብራት እያበሩ ሲመረምሯቸው ቆይተዋል። የግራው አመድ አመድ ይላል፤ የቀኙ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል።

"እማማ፣ የሚቀባው ግድግዳው ነው ወይስ እኔ?"

"አንተማ መቼ ቀለም አጣህ" አሉ ቱታውን አይተው። "ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙር።"

ልጃቸው የቀለሙ ሽታ ሲለቅ፣ በሚመጣው ሳምንት፣ ጨቅላዋን ይዛ ከሆስፒታል ትወጣለች። ጨቅላው ቀኑ ሳይደርስ ነው የተወለደው። ነርሷ ለአያቲቱ "ከንፈሩን ሁልጊዜ እዩ፤ ሰማያዊ ከመሰለ ቶሎ አምጡት" ካለቻቸው ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ግድግዳው ጤነኛውን ልጅ የታመመ ቢያስመስለውስ? ወይም፣ ይሄ ይብሳል፣ ዓይናቸው ሰማያዊውን ለምዶ እውነተኛው ሲመጣ ቢያልፉትስ?

በግራው በኩል የቀቢው ከንፈር ብርድ እንደመታው ጠየም አለባቸው። ወደ ቀኙ አዛወሩት፤ አሁን ደግሞ ፊቱ ገረጣ።

"አንተ፣ ያመሃል እንዴ?"

"ቁርስ አልበላሁም እንጂ ደህና ነኝ።"

መስኮቱ ፊት ለፊት ካለው፣ ገና ካልተነካው ነጭ ግድግዳ ሥር አስቀመጡት። ከንፈሩ ከንፈር ብቻ ሆነ።

ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

"እማዬ፣ ተጀመረ? አመዳማውን ነው ያልኩሽ። እርግዝናዬን ሙሉ ያንን ክፍል በሐሳቤ ስቀባው ነው የኖርኩት።"

"እየተቀባ ነው የኔ ልጅ።"

"ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

"ምን ይሆናል፣ የቀለም ሽታ ነው።"

ስልኩን ዘጉ። ነርሷ ያለችውን ለልጃቸው እስካሁን አልነገሯትም፤ አራስ መደንገጥ የለባትም ብለው።

"ታዲያ የቱን ልቀባ?" አለ ቀቢው።

"ሦስቱን እሷ በመረጠችው። ይሄ ነጩ እንዳለ ይቅር፤ አልጋው እሱ ሥር ነው የሚሆነው።"

"ስትመጣ ብትጠይቅስ? ቀለም አለቀ ልበላት?"

"ተው፣ ማን ዋሽ አለህ።"

መነጽራቸውን አደረጉና ልጃቸው ጋ መልሰው ደወሉ።

"የኔ ልጅ፣ አንዱን ግድግዳ አላስቀባሁልሽም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ግን ቁጭ በይ።"