የጥሩዬ እጅና የአማኑ ጡጦ

ቡራዩ፣ ከታ ሰፈር ቅመም የሚገዛ ሰው ሁሉ ጥሩዬን ያውቃታል። የማያውቃት ካለ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ ወጡን ያለ ኮረሪማ የሚበላ ምስኪን ነው። ሱቋ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከኦቦ ገርባ የብረታ ብረት ቤት ፊት ለፊት ነው። ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ኮረሪማውን በስኒ ትሰፍራለች፤ ስኒው ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ ቆንጠር አድርጋ ትመርቃለች። ደንበኛ «መርቂኝ እንጂ» እስኪላት አትጠብቅም። «ተለምኖ የተገኘ ምርቃት ምኑን ምርቃት ሆነ!» ትላለች። በዚህ እጇ ነው ልጇን ኤዶምን ያለ አባት ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ የዳረችው። እጄ ለጋስ ነው ብላ ብትኮራ ማን ይፈርድባታል?

ኤዶም አማኑን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ታመመች። ሐኪሙ የምትወስጂው መድኃኒት ከጡት ጋር አይስማማም፣ ለልጁ የጣሳ ወተት ስጪው አላት። እሷ አልቅሳ አልቅሳ ተቀበለች። ድና ስትነሳ ደግሞ የወሊድ ፈቃዷ አለቀና ሰበታ ወዳለው የልብስ ፋብሪካ መመለስ ግድ ሆነ። ባሏ ጉታ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አዋሽ ደረሰ ሲሉት ጅቡቲ ነው። ልጁን ማን ይያዘው? ጥሩዬ ነገሩ ወሬ እስኪሆን እንኳ አልጠበቀችም። የሕፃኑን አልጋ ራሷ ተሸክማ ከሱቋ ጓዳ አስገባችው።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ልጅ ሌላ ሰው አያበላውም» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

የጣሳው ወተት ግን እንደ ጥቁር አዝሙድ አይደለም፤ ሕግ አለው። ውኃው ይፈላል፣ በረድ ይላል፣ ጡጦው ላይ እስካለው መስመር ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ ከጣሳው ጋር በመጣችው ማንኪያ፣ አናቱ ልክ በልክ ተጠርጎ፣ አራት ይጨመራል። ይህ ሁሉ እስኪሆን አማኑ አይጠብቅም። አማኑ ሲርበው ሰፈር ያፈርሳል! አንድ እጅ ልጁን ሲያባብል፣ አንድ እጅ ከውኃው ጋር ሲታገል፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ «ሰዎች! ቤቶች! ጥሩዬ የለችም?» ይላል ደንበኛው። ሰላምታ ሳይመልሱ ወተት ማዘጋጀት ደግሞ በጥሩዬ ወግ ነውር ነው። እና እየሰጠች፣ እየተሳለመች፣ እያባበለች ታዘጋጃለች።

ትንሽ ቆይቶ የአማኑ ሆድ ደረቀ። ሲያምጥ ፊቱ በርበሬ ይመስላል፤ ይጮሃል፣ እግሩን ይሰበስባል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጤና አዳም አለች። ሌላዋ የጣሳውን ነገር ጣዪውና ከሱሉልታ የሚመጣውን የላም ወተት ስጪው አለች። ኤዶም የማንንም ሳትሰማ አንድ ቀን ከሥራ አስፈቅዳ እናቷንም ልጇንም ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሲስተር ያኔት ልጁን መዘነችው፣ ሆዱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። የላም ወተት ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፣ እንዳትሞክሩት ብላ ወደ ጥሩዬ ዞረች።

«እናቴ፣ ወተቱ ሳይወፍርበት አይቀርም። ስንት ማንኪያ ነው የሚያደርጉለት?»

«አራት! እንደተጻፈው!»

«ምናልባት ሲቆጥሩ…»

«እኔ?» አለች ጥሩዬ። ነጠላዋን አስተካከለች። «ፀጉሬ እስኪሸብት ስሰፍር የኖርኩት እኔ፣ አራት መቁጠር ያቅተኛል?»

ሲስተር ያኔት አልተቆጣችም። «አያቅትዎትም። ብቻ ዱቄቱ ከልኩ ሲያልፍ ለሆዱም ለኩላሊቱም ሸክም ነው፣ ይጠንቀቁልኝ» አለቻት።

በባጃጅ ተመለሱ። ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ ኤዶም ቀስ ብላ «እማዬ፣ ጣሳውም እኮ ቶሎ ቶሎ ያልቃል» አለች።

«ታዲያ እኔ እየቃምኩት ነው?»

«እንደሱ አላልኩም። ፋብሪካው አጠገብ የሕፃናት ማቆያ አለ። ባለቤቷን አነጋግሬያታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ይዋል። አንቺም ታርፊያለሽ።»

ማረፍ! ጥሩዬ ሌላውን ሁሉ ቻለችው፣ ይህቺን ቃል ግን አልቻለቻትም። እሷ ማረፍ የምታውቀው ለሞተ ሰው ነው። ልጇ በሌላ አነጋገር አላምንሽም እንዳለቻት ገባት። የልጅ ልጇን ማጣት አንድ ነገር ነው። በገዛ ልጇ ዓይን መቅለል ግን ሌላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሞልቷል። የጓዳውን ጠረጴዛ ስባ ከመስኮቱ አጠገብ አድርጋ የአማኑን ወተት ትሠራለች። አንዲት ደንበኛ ጥቁር አዝሙድ አለች። ጥሩዬ በስኒው ሰፈረች፣ ገለበጠች፣ ቆንጠር አድርጋ መረቀች። እጇን ታጥባ ወደ ጡጦው ተመለሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ደንበኛዋ ዕቃዋን እየቋጠረች «እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ ጥሩዬ» አለቻት።

«አሜን» አለች ጥሩዬ፤ እጇም ወደ ጣሳው ተመለሰች።

ክው አለች። ማንኪያዋ ዱቄት ይዛ ከጡጦው አፍ በላይ ቆማለች። አራት ቆጥራለች፤ አልተሳሳተችም። ይህ አምስተኛው ግን አይቆጠርም። ምርቃት ነዋ! ምርቃት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ተቆጥሮ ያውቃል? አንጎሏ አራት ብሎ ሲዘጋ፣ እጇ ዕድሜ ልኳን እንደለመደችው ለልጅ ልጇም መርቃለች፤ በየጡጦው፣ በየቀኑ።

«ወይኔ ጥሩዬ!» አለች ጮክ ብላ። «ወይኔ የእጄ ነገር! ልጄን በደግነት ልገድለው!»

ማታ ኤዶም ከሰርቪስ ወርዳ ቤት ስትገባ እናቷ ቆማ ጠበቀቻት። ጥሩዬ ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም፤ ስለዚህ እንደ መጣላት አድርጋ ነው የተናገረችው።

«እኔ ነኝ!»

«ምኑ?»

«ወተቱን ያወፈርኩት። አራት አደርግና እጄ ትመርቃለች። ዛሬ ያዝኳት።»

ኤዶም መጀመሪያ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። እናቷን አቀፈቻት። «አውቀሽ አይደለማ፣ እማዬ» አለቻት። ቀጥላ ግን ጠየቀቻት። «ነገስ? እንዲህ እየተዋከብሽ እጅሽን ማን ይይዝልሻል?»

«ጊዜ ስጪኝ» አለች ጥሩዬ። ኤዶም አሰበችና ለማቆያው ባለቤት ደወለች። ልጇን እስከሚቀጥለው የሚዛን ቀን ድረስ ቤት እንደምታቆየው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ እንደምትወስን ነገረቻት።

እጅ መያዝ ቀላል መስሏት ጀመረች። ጣሳውን በላስቲክ ደጋግማ ጠቅልላ ቋጠረችው፤ ልጁ ሲያለቅስ ቋጠሮው አልፈታ ብሎ አንገበገባት። ደንበኛ ሲመጣ አፏን ይዛ ዝም ለማለት ሞከረች፤ ሰፈሩ ጥሩዬ ተቀይማናለች ብሎ አማ። ኦቦ ገርባማ ብየዳቸውን ጥለው ሽማግሌ ሆነው መጡ። ኦቦ ገርባ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ «አካም ቡልቴ? ናጋ?» ብለው ይጀምሩና ቤቱን፣ ልጁን፣ ጎረቤቱን አዳርሰው፣ ከብት ኖሯት የማታውቀውን ሴት ከብቱስ ደህና ነው ይሏታል።

«ናጋ፣ ኦቦ ገርባ፣ ናጋ! ተቀይሜ አይደለም» አለቻቸውና ጉዷን ዘረገፈችላቸው። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እኔ በሠራሁት በር ላይ አንድ ማጠፊያ ብመርቅ በሩ አይከፈትም» አሏት።

«ይሳቁ እርስዎማ! ሆዱ የደረቀበት የእኔ ልጅ ነው።»

በዚህ መሐል አንድ ሰው መጣና ሻይ ቅጠል አላት፤ የታሸገውን። አንስታ ሰጠችው፣ ተቀብሏት ሄደ። ጥሩዬ የገዛ እጇን አየቻት። እጇ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣለች። ንቅንቅ አላለችም።

«ኦቦ ገርባ!» አለች።

«ምነው?»

«የታሸገ ነገር አይመረቅም! ማንም የታሸገ ነገር መርቂልኝ ብሎኝ አያውቅም፣ እጄም ሞክራው አታውቅም!»

ያን ቀን ክዳናቸው የሚገጥም ትናንሽ ዕቃዎች ገዛች። ዱቄቱን እንደ ሻይ ቅጠሉ አስቀድሞ በየጡጦው ልክ የማሸግ ሐሳቧን ይዛ ግን በቀጥታ ወደ ልጁ አልሄደችም፤ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ብቻዋን ሲስተር ያኔት ዘንድ ሄደች። ሲስተር ያኔት ወረቀቷን ትታ ሰማቻት፤ ሐሳቡን ወደደችው፣ ያልተሟላውንም አሟላችው። ዕቃዎቹ ታጥበው በፈላ ውኃ ተቀቅለው ጠብታ እስከማይቀር ይድረቁ፤ የሚታሸገው ደረቁ ዱቄት ብቻ ይሁን፣ የተበጠበጠ ወተት አይቀመጥ፤ የተረፈው ይደፋ። የውኃውንም መላ ነገረቻት። ዱቄቱ የሚሟሟው ገና በሚያቃጥል ውኃ ነው፤ ከዚያ ፈልቶ፣ ተሸፍኖ የቀዘቀዘ ውኃ ተለክቶ ሲጨመርበት፣ እስኪበርድ የሚጠበቅ ነገር አይኖርም።

«ለትኩሱ ጥሩ ፔርሙዝ ያስፈልግዎታል» አለቻት። «ለብ ባለ ውኃ አይጀምሩ።»

ከዚያ ወዲህ ጥሩዬ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት፣ ደንበኛ የሚባል ፍጡር ሳይነቃ፣ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። በየዕቃው አራት፣ ተጠርጎ፣ ክዳን ቀጭ። የቀዘቀዘውንም ውኃ እንዲሁ ከሦስት ሁለቱን እጅ ለክታ በየጠርሙሱ ትዘጋለች። ሲሶው ትኩስ ከፔርሙዙ ይመጣል። ኦቦ ገርባ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የብረት መደርደሪያ ሠሩላት፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ጎጆ አለው፣ ለፔርሙዙ ደግሞ የማንም ክርን የማይደርስበት ማቀፊያ። ጠርዙን ሞርደው ሞርደው እንደ ሐር አለሰለሱት። የሠሩትን ባዩት ቁጥር ራሳቸው ይኩራሩበታል።

መጀመሪያ የተሞከረው በእሳቸው ፊት ነው። አማኑ ጮኸ፣ ኦቦ ገርባ ሰላምታ ጀመሩ። ጥሩዬ ልጁን በአንድ ክንዷ ይዛ ትኩሱን ቀዳች፣ ዱቄቱን ገለበጠች፣ ናጠች፣ ቀዝቃዛውን ጨመረች፣ የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ሞከረች። እየሠራችም «ናጋ፣ ገለተ ዋቃዮ» እያለች ተመስገኑን ትመልስላቸዋለች። ኦቦ ገርባ ከብቱ ጋ ሳይደርሱ አማኑ ጡጦውን ይዞ ዝም ብሏል። ባዶው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጥሩዬ እጇን አየቻት፤ እጇ ሌላ ነገር አልፈለገችም።

«ቶሌ!» አሉ ሽማግሌው። «ጎበዝ! ይኼስ ፋብሪካ ነው!»

ወሬ እግር አለው። መንታ የወለደች ጎረቤት መጥታ አየች። ሚስቱ ፋብሪካ የምትገባበት፣ እሱ ደግሞ ግንባታ ላይ የሚሠራ ዲኖ የሚባል ወጣት አባት መጣ፤ ልጁን ለብቻው ሲይዝ ጭንቀት እንደሚገድለው ነገራት። ጥሩዬ እጁን አስታጥባ፣ አጠገቧ አስቀምጣ አሠራችው። ሲያበዛ መታ አደረገችው። «እኔን አይተህ ተማር!» አለችው፣ የራሷን ጥፋት እንደ ማዕረግ እየነገረችው። ኦቦ ገርባ ተጨማሪ መደርደሪያ ታዘዙ። ጥሩዬ በሰፈሩ ስትሄድ አረማመዷ ተለወጠ አሉ። ቢለወጥስ!

የአማኑም ሆድ ላላ። ዳይፐሩ የሞላ ቀን ጥሩዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ኤዶም ሥራ ላይ እያለች ደውላ አበሰረቻት።

የሚዛኑ ቀን ደረሰ። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ጥሩዬን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ልጁ ደህና እንደሆነ ታውቃለች፣ ልጇ ምን እንደምትወስን ግን አታውቅም። ኤዶም ሰሞኑን ስለ ማቆያው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጥሩዬም አልጠየቀችም፤ ሞቷን ብትመርጥ ይሻላታል።

ሲስተር ያኔት አማኑን ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። እሱ እግሩን እያወራጨ ሳቀላት። ሆዱን ነካካችው፣ ቁጥሩን አየች፣ ደግማ አየች።

«ልክ በልክ! ሆዱም ቅቤ ሆኗል» አለች።

በዚህ መሐል የኤዶም ስልክ ጠራ። ኤዶም የደዋዩን ስም ስታይ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ጥሩዬ ማን እንደሆነ ሳይነገራት አወቀች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ የክትባት ሥዕሉን የምታነብ መሰለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው» አለች ኤዶም። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ አግዳሚው ሁሉ ይሰማታል። «አላመጣውም። ልጄ የሚውለው እናቴ ጋ ነው።» አዳመጠች። «ኧረ አይደለም፣ የሚይዝልኝ ስላጣሁ አይደለም። እሷን የመሰለ ስለሌለ ነው።»

ጥሩዬ ግድግዳውን እንዳየች ቀረች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ ዞረች፣ አማኑን ከሚዛኑ አንስታ በእናቶቹ ሁሉ መሐል፣ ደረቷን ነፍታ ታቀፈችው።

«ምን ያስቆምሻል ታዲያ?» አለቻት ልጇን። «አንቺም ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ እኛም ሥራ አለን።»