የልብስ ሰፊው ቀኝ እጅ

ልብስ ሰፊው «ቀኝ እጁ አይጨብጥም፤ ዘላቂ ጉዳቱ አርባ በመቶ ነው» የሚለውን የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ይዞ ችሎት ሲቀርብ፣ ነገሩ ያለቀለት መስሎት ነበር። መኪና ገጭቶታል፣ ክንዱ ተሰብሯል፤ ይህን የካደ የለም። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ግን ወረቀቱ ከተጻፈ ዓመት አልፎታል፣ እጁ እስካሁን ተሽሎት ሊሆን ይችላል ብሎ ሙጭጭ አለ። ዳኛዋ ሁለቱንም ሰምተው፣ ፍርድ ቤት ሐኪም የጻፈውን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት ተናገሩ። ሰውየው በሌሎች ሐኪሞች እንደገና እንዲታይም አዘዙ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እጁ ከተሻለው ስምንት ወር ሆኖታል። አንድ ቀን መቀስ ከጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ቀኝ እጁ ቀድሞ ቀለበው። ደስ ሊለው ሲገባ ደነገጠ። ለልጁ ሊነግራት አሰበና ወረቀቱ ትዝ ሲለው ዋጥ አደረገው። እሷ ምስኪን በየማለዳው ከሥራዋ በፊት እየመጣች ሸሚዙን ትቆልፍለታለች፤ በማርፈዷም አለቃዋ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋታል። ባለፈው ወር ደግሞ ችሎት ፊት ቆማ «አባቴ ቁልፍ እንኳን መቆለፍ አይችልም» ብላ በመሐላ መስክራለታለች። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲያዳምጣት ነበር።

በምርመራው ቀን ከልጁ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ የቀሚሷ ጠርዝ ተተርትሮ ተንጠልጥሎ አየ። ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። «እስቲ ቁሚ» አላትና ተንበርክኮ፣ ከኮቱ አንገትጌ የማይለየውን ባለክር መርፌ ነቅሎ አምስት ጊዜ ወጋ ወጋ አደረገና ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ቀና ሲል ልጁ ጣቶቹን እያየች ነበር። ያኔ ነው ያደረገው የገባው። ላብ አጠመቀው።

ወዲያው ነርሷ ጠራችው። ሸሚዙን አውልቆ ተቀመጠ። ሐኪሙ ጣቱን ዘርግቶ ጨብጥ አለው። ማስመሰሉን ለምዶታል፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል፣ ልጁም ደጅ ቆማለች። አጥብቆ ጨበጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው ሐኪሙ።

«ስምንት ወር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሸሚዙን እንደነገሩ ደርቦ ወጣ። ልጁ እንደ ልማዷ ተጠጋችው። እጇ አንገትጌው ጋ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ምዬልሃለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «አሁን ዳኛዋን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ተራ ጠባቂው ሁሉ እያየው በዚያው በቀኝ እጁ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ስድስት ቁልፍ ነበረው፤ እስከ መጨረሻው ቆማ አየችው።