የኮሪደሩ ድንኳን

አሁንም አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ድንኳን ገመድ ተጠለፈ።

የዛሬው ተረኛ ልብስ ሰፊው ነበር። የሐዘን ፊቱን በር ላይ አስተካክሎ፣ "እግዜር ያጽናህ" ሊል አፉን ከፍቶ ሲገባ ገመዱ አንገቱን ያዘው፤ አረንጓዴው ሸራም ወርዶ ራሱን ሸፈነው። ከሸራው ሥር ሆኖ "ወንድሜን… ወንድሜን…" እያለ እጁን ሲዘረጋ ያቀፈው የጃንጥላ ማስቀመጫውን ነው። ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑት።

"ይሄን ነገር አንሱት ብዬ ስንቴ ልናገር?" አለች የሐዘንተኛው ታላቅ እህት ከኩሽና ብቅ ብላ። በአንድ እጇ የቡና ፔርሙዝ፣ በሌላው የሲኒ ትሪ ይዛለች። "ሰው ሊያስተዛዝን መጥቶ አንገቱ ሊሰበር ነው እኮ። አንተ፣ አትሰማም?"

"ይቆይ" አለ ወንድሟ ከሶፋው ጥግ ሳይነሳ።

"እስከ መቼ?"

"ይቆይ አልኩ እኮ፣ እትዬ።"

"ቦታ ከጠበበ ለእንግዳ ደጅ ድንኳን ብናቆምስ?" አለ ልብስ ሰፊው፣ ራሱን ከሸራው አላቅቆ እየተነፈሰ።

"የውስጡ መቼ አሳለፈንና" አለች የሐዘንተኛው እህት።

ሐዘንተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን "ሬዲዮ" በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። በእሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሰፈሩን፣ የከተማውን፣ የአየሩን፣ የሚስቱን ዘመዶች ወሬ ሳይሰማ ተቆርጦ አይነሳም። ባትሪ የማይጨርስ፣ መዝጊያው የጠፋ ሬዲዮ። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ ግን ከ"አሜን" እና ከ"ይቆይ" በቀር ቃል አልወጣውም፤ ይህም ለቀስተኛውን ከሞቷ ይልቅ አስደነገጠው። ስለዚህ አዋጅ ወጣ፦ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ለብቻው እንዳይተው። ሽንት ቤት ሲገባ እንኳን አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ "አለህ?" ይለዋል። የት ይሄዳል እንግዲህ ከሽንት ቤት።

ከሁሉ ያንገበገበው ግን የጫካው ነገር ነው። የመጣ ሁሉ "ያ ጫካ በላት" ይላል።

"ብርዱ ነው" አለች ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሲኒዋን እየተቀበለች። "ብቻዋን፣ በዛ ውርጭ፣ መሬት ላይ። አጥንት ውስጥ የገባ ብርድ ቀን ይጠብቃል እንጂ አይለቅም።"

"እርጥበቱም አለ" አለ ልብስ ሰፊው አንገቱን እያሻሸ።

"ስንቱ አውሬስ" አለች ሌላዋ።

ወንበር ላይ ነው የሞተችው። ሬዲዮ ይህን በሞተችበት ቀን ተናግሮ ነበር፤ ማንም ጆሮ አልሰጠውም። መብራት ሲጠፋ የሚደወልበት ቢሮ ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እንዳለ ልቧ ቀጥ አለ። ደዋዩ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋ ሊበላሽበት እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ እንደማይንቁት እየዘረዘረ ነበር፤ መሞቷን ሳያውቅ ብዙ ሰደባት አሉ። የሥራ ዘመኗን ሙሉ የሰማችው ይህንኑ ነው። ሰው መብራት ሲጠፋበት የሚሰድበው መብራቱን አይደለም፤ ስልኩን ያነሳውን ነው። አንድም ሰው ደውሎ "መጣልኝ፣ አመሰግናለሁ" ብሏት አያውቅም። ግን ይሄን ማን ያወራል? ጫካው ይሻላል፤ ጫካ ይግባኝ አይልም።

በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ከሌለ፣ ዝናብም ካለ፣ ያችን ቦርሳ ጀርባዋ ላይ ትጭናለች። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ኩባያ። ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ሦስት ሰዓት በእግር ሄዳ፣ ሰውም ስልክም የማይደርስበት ደን ውስጥ ብቻዋን ታድርና እሁድ ማታ ትመለሳለች።

"ምን አለ እዛ?" ይላታል ሬዲዮ፣ በየወሩ፣ በር ላይ ቆሞ።

"ምንም።"

"ለምንም ነው ይሄን ሁሉ የምትሸከሚው?"

"አዎ።"

ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ከእሷ ጋር ክርክር እንዲህ ነበር።

እሁድ ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ ይመጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ከመንጠቆ ወደ መንጠቆ ይሰቀላል፤ ሲንጠባጠብ ያድራል። ሰኞ ከሥራ ስትመለስ የሸራውን ጫፍ ጉንጯ ላይ አስነክታ ትሞክረዋለች። ደርቆ ከሆነ ታጥፈዋለች፤ ካልደረቀ "ገና ነው፣ ይደር" ትላለች። እርጥቡን የታጠፈ ድንኳን ይሻግታል። በዚህኛው ሰኞ ግን አልተመለሰችም፤ ድንኳኑም እሷ እንደሰቀለችው ቀረ።

ከተጋቡ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጊዜ አብሯት ሄዶ ነበር። ቦርሳው ትከሻውን ስለቆረጠው ከአውቶቡስ መውረጃው ጀምሮ ስለ ትከሻው አወራ። ትከሻው ሲያልቅ ስለ ጫማው ቀጠለ። ድንኳን ውስጥ ሲጋደሙ ደግሞ ጨለማው ጆሮውን ተጫነው።

"ምንድነው እሱ?"

"ቅጠል ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"ሌላ ቅጠል።"

"ይሄ ግን ቅጠል አይደለም። ስሚው።"

"ይሄ አንተ ነህ" አለችው። ጥርሱ ነበር የሚንቀጫቀጨው።

በሚቀጥለው ወር "ልምጣ?" ሲላት "ትደክማለህ" ብላ ጉንጩን ስማው ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም፤ መቆጣቱን ግን አልተወም።

ሐሜቱ የተነሳው ከኩሽና ነው። ሬዲዮ ውኃ ሊጠጣ ሲሄድ፣ ልብስ ሰፊውም እንደ ጥላ ሲከተለው፣ አስተማሪዋ ለእህቱ ስታንሾካሹክ ሰማ።

"ሴት ልጅ ብቻዋን ጫካ አትተኛም። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስተምር ኖሬአለሁ፣ ሰው አውቃለሁ። የሚጠብቃት ከሌለ በቀር አትሄድም።"

"ኧረ ተይ፣ የሞተ ሰው…" አለች እህቱ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማን?" አለች።

ሬዲዮ ውኃውን ሳይጠጣ ተመለሰ። ይህ ሐሳብ ከዚህ በፊት መጥቶበት አያውቅም ማለት ውሸት ነው። ቅዳሜ ማታ ብቻውን እራት ሲበላ መጥቶበት ያውቃል፤ ግን ያን ጊዜ በወሬ ያባርረው ነበር። አሁን ወሬው ስለነጠፈ ሐሳቡ ሶፋው ላይ ከጎኑ ተደላድሎ ተቀመጠ። ማጽናኛም፣ ምግብም፣ እንቅልፍም አልፈለገም። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለገ፦ ወደ ማን ነበር የምትሄደው።

ከሰዓት በኋላ የደን ጠባቂው መጣ።

ትከሻው የሰፋ፣ ቁመናው ያማረ ሰው ነው። ጭቃ የነካ ቦት ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲው ገባ። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ገመዱን ቀና ብሎ ሳያይ፣ በልማድ፣ ጎንበስ ብሎ በሥሩ አለፈ። እስካሁን ከመጣው ሰው ሁሉ ያልተጠለፈ እሱ ብቻ ነው። ይህ ከማንም ዓይን አላመለጠም፤ አስተማሪዋ የእህቱን ጎን በክርኗ ጎሰመች።

"ከደኑ ነኝ" አለ። "የአውቶቡሱ ሾፌር ነው የነገረኝ። እግዜር ያጽናህ።"

ሴቶቹ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

ሬዲዮ ሰውየውን ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ መረመረው፤ ራሱ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ እዚያው ቀረ። ፀጉሩ። ከኋላው ፍየል የጋጠው ሣር ይመስላል፤ በአንዱ ጆሮ ላይ ረዝሟል፣ በሌላው ላይ የለም። ያለ መስታወት፣ ምናልባትም በማጭድ፣ ራሱ የቆረጠው ነው። ጎልማሳነቱን ሁሉ በዚህ ሙያ የጨረሰ ሰው እንዲህ ያለ ራስ ፊቱ ተደቅኖ ሐዘኑን እንኳን በሥርዓቱ ማዘን አይችልም። ደግሞም ሰው ሶፋ ላይ ይዋሻል፤ አንገቱ ላይ መቀስ ሲደርስ ግን እውነቱን ያወጣል። ሬዲዮ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

"ና፣ ተከተለኝ" አለው።

ኩሽና ወስዶ በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ ፎጣ አንገቱ ላይ አሰረለት፤ ከመሳቢያው መቀስና ማበጠሪያ አወጣ።

"በሐዘን ቤት ፀጉር ይቆረጣል?" አለች እህቱ በሩ ላይ ቆማ። "ሰው ምን ይለናል?"

"በሩን ዝጊው፣ እትዬ።"

"ለብቻህማ አንተውህም።"

"ለብቻዬ አይደለሁም፣ ሁለት ነን። ዝጊው።"

አልዘጋችውም፤ ገርበብ አድርጋው ሄደች።

በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ቆረጠ። የመቀሱ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ደንበኛ ዝም የሚለው ሬዲዮ ስለሚያወራ ነው፤ ሬዲዮ ራሱ ዝም ሲል ግን ዝምታው ሰውየውን ያቁነጠንጠው ጀመር።

"እኔስ ስንቴ ነገርኳት" አለ በመጨረሻ በብስጭት። "ለብቻ ገብቶ ማደር ክልክል ነው፤ ደንቡ ሁለት ሰው ይላል። 'ሁለተኛሽ የታለ?' ስላት 'ቤት ነው' ትለኛለች። በየወሩ ይሄንኑ። አለቃዬ የሚቆጣው ግን እኔን ነው።"

መቀሱ ቆመ። "ማን ነበር አብሯት?"

"ማን ይኖራል? ማንም።"

"በልጆችህ ይዤሃለሁ።"

"በልጆቼ፣ ማንም። ማታና ጠዋት ደህና መሆኗን ከሩቅ አይ ነበር። ሻይ ታቀምሰኝ እንደሆነ ጠጋ ስል 'ደህና እደር' ብላ ትሸኘኛለች።"

"ገመዱንስ እንዴት አወቅኸው? ኮሪደር ላይ ያለውን።"

ጠባቂው ከንፈሩን ገልጦ የተሸረፈ የፊት ጥርሱን አሳየው። "መጀመሪያ ጊዜ በጨለማ ልጠይቃት ስሄድ። ከዛፍ ዛፍ ትወጥረዋለች፤ በዚያው ገመድ።"

ሬዲዮ ጥርሱን ጎንበስ ብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ ፀጉሩ ተመለሰ።

"እና ምን ታደርጋለች እዛ?"

"ትቀመጣለች።"

"ከዚያስ?"

"ሻይ ታፈላለች። ከዚያ ትቀመጣለች።"

"ለመቀመጥ?" ሬዲዮ ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ሸክም፣ ለመቀመጥ? ቤት ወንበር የለም? ስድስት ወንበር አለን እኮ።"

"እኔም ይሄንኑ ብያታለሁ።"

እፎይ ማለት ነበረበት፤ አላለም። እንዲያውም ሌላ ወንድ ቢኖር ይሻለው ነበር። ሰው ይሰደባል፣ ይጠላል፣ ደጁ ድረስ ሄደው ይጮሁበታል። ዛፍን ምን ይሉታል? ወደ ማንም ካልነበረ እንግዲህ ከሆነ ሰው ነበር የምትሸሸው፤ ያ ሰው ደግሞ ይኸው፣ መቀስ ይዞ ቆሟል።

"ከእኔ ነው የሸሸችው" አለ። "ከአፌ።"

ጠባቂው አንገቱን ሊያዞር ሲል "አትነቃነቅ" አለው።

"የሸሸ ሰው ለመመለስ አይቸኩልም" አለ ጠባቂው ግድግዳውን እያየ። "ቅዳሜ ስትገባ በእርጋታ ነው፤ እሁድ ስትወጣ ግን ሩጫ ነው። ድንኳኑን ጤዛውን እንደጠጣ ነው የምትጠቀልለው። 'ፀሐይ ይንካው፣ ይሻግትብሻል' እላታለሁ፤ የምትሰማ መሰለህ? 'ቤት አደርቀዋለሁ፣ ወሬ ይጠብቀኛል' ትለኛለች። እኔማ ስብሰባ ያለባት ይመስለኝ ነበር። ምን ዓይነት ወሬ ነው?"

ሬዲዮ የሰውየውን ጆሮ ዙሪያ በጥንቃቄ፣ ከሚገባው በላይ በጥንቃቄ ይቆርጥ ጀመር።

እሁድ ማታ ገመዱን እየወጠረች፣ ከሸራው ጀርባ ሆና፣ "እሺ፣ ምን ተባለ?" ትል ነበር። በሌላው ቀን ጆሮዋ በሰው ስድብ ደንዝዞ ስለሚመጣ ከሚነግራት ግማሹን አትሰማም፤ "እ?" ትላለች፣ "እሺ" ትላለች። እሁድ ማታ ግን አንድ ቃል አያመልጣትም። "ቆይ፣ ሱሪው የማን ነበር?" ትለዋለች። "ቅድም ወንድምየው ነው አላልክም?" እሱም የሁለት ቀኑን ይዘረግፍላታል፤ ዘርግፎ ሲያበቃም "ወለሉን አበሰበስሽው" ብሎ ይነጫነጫል። ድንኳኑ ለምን እርጥብ ሆኖ እንደሚመጣ ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ጠባቂው ጨዋ ፀጉር ይዞ ወጣ፤ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈ፤ አስተማሪዋ እንዲህ ተስተካክሎ የወጣ ሰው ምን እንደሚባል ጠፍቷት ቡናዋን ጠጣች።

ሲመሻሽ ለቀስተኛው ሳሳ። ልብስ ሰፊው ኮቱን አንስቶ ተሰናበተ። እህቱ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በርጩማውን እየጎተተች ኮሪደሩ ላይ መጣች።

"አሁንስ አወርደዋለሁ" አለች። "ከእሁድ ጀምሮ እንደተሰቀለ ነው። ነገም ሰው ይመጣል፤ ሌላ ሰው ከሚጠለፍ…"

ሬዲዮ ከሶፋው ተነሳ። ወደ ድንኳኑ ሄደ፣ የሸራውን ጫፍ ያዘና ጉንጩ ላይ አስነካው። ከደረቀ ቆይቷል፤ እንደ ወረቀት ደርቋል፤ ቅጠል ቅጠል ይሸታል።

"ገና ነው" አለ። "አልደረቀም።"

እህቱ እጇን ዘርግታ ሸራውን በጣቶቿ መሐል አሸችው። ተንኮሻኮሸ። ወደ ወንድሟ ዞራ ፊቱን አየች።

"እሺ" አለች። "ይደር።"

በርጩማዋን አንስታ፣ ጎንበስ ብላ በሥሩ አልፋ ወደ ኩሽና ገባች። ሲኒዎቹን ልታጥብ ቧንቧውን ስትከፍት ከኮሪደሩ ድምፅ ሰማችና መልሳ ዘጋችው። "…ዛሬ የተጠለፈው ልብስ ሰፊው ነው" ይላል ወንድሟ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሸራው ወዲህ ሆኖ። "አቅፎ ያለቀሰው ማንን መሰለሽ? የጃንጥላ ማስቀመጫውን። ቆይ፣ ገና ነው፣ የባሰውን ልንገርሽ…"

እህቱ እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ሄዳም የኩሽናውን በር ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ዘጋችው።