ሙሉብርሃን ሃምቡርግ ላይ የሮጠው ሩጫ

መቱ ውስጥ ሙሉብርሃንን ሲሮጥ ያየ ሰው የለም። ቡና ቀማሽ ነው፤ እንጀራው መቅመስና መትፋት። ዕድሜው አርባ ስድስት፣ ሆዱ ከቀበቶው የቀደመ። ሃምቡርግ ያሉ ቡና ገዢዎች ለባዛር ሲጠሩት ግን ከደብዳቤው ግርጌ፣ «በዚያው ሳምንት ግማሽ ማራቶን ስላለ አስመዝግበንዎታል፤ ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ደስ ይልዎታል» የሚል አከሉበት።

«አልሮጥም በላቸዋ!» አለች ሚስቱ ገለኔ።

«ቅር ብሏቸው ቡናውን ቢተዉትስ?»

ሦስት ሳምንት ነበረው። በመጀመሪያው ቀን በጎሬ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ አንድ ሚኒባስ አጠገቡ ቆመ። «ጋሼ፣ ምን ደረሰብዎት? ማን ታሞ ነው?» አለ ሾፌሩ፤ አሳዝኖት በነፃ መለሰው። በማግስቱ ዘነበ። ከዚያ ልቅሶ መጣ፣ ከልቅሶው ሠርግ። ልምምዱ በዚሁ ተጠናቀቀ።

ሃምቡርግ ላይ ገዢው ክንዱን ይዞ ከቀጫጭኖቹ ሯጮች ጋር ከፊት አቆመው። አንድ ኬንያዊ የሩጫ ሰዓቱን ለማወቅ ፈልጎ «ሰዓትህ ስንት ነው?» ሲለው፣ ሙሉብርሃን የእጁን ሰዓት አይቶ በኛ አቆጣጠር «ሁለት ተኩል» አለው። ኬንያዊው ቀልድ መስሎት ሳቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ሽጉጡ ሲተኮስ ሕዝቡ ገፍቶ ወሰደው። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኑን ወጋው። ስድስተኛው ላይ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት አለፈችው፤ ሕፃኑም ዞሮ አየው። ደረቱ ላይ ያለውን ባንዲራ የለዩ ተመልካቾች «ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!» እያሉ ሲያጨበጭቡለት፣ አፍሮ ባንዲራውን በእጁ ሸፍኖ ማነከስ ጀመረ። አሥራ አራተኛው ላይ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ፀጉራቸው የነጣ አንዲት አሮጊት ሯጭ እጃቸውን ዘረጉለት። ተያይዘው፣ ጥቂት እየሮጡ ብዙ እየሄዱ፣ ከተነሡ ከሦስት ሰዓት ከሩብ በኋላ ገቡ። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ሲጠለቅለት ሙሉብርሃን እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሜዳሊያውን አጥልቆ የላከላት፣ ገለኔም ለዘመድ ያስተላለፈችው ፎቶ ግን ከሱ ቀድሞ መቱን አዳርሷል። መናኸሪያው ላይ አበባ፣ ድምፅ ማጉያና ንግግር ጠበቀው።

«ለጨረሰ ሁሉ ነው የሚሰጡት!» ብሎ ጮኸ።

«ትሕትናውን ተመልከቱልኝ!» አሉ ተናጋሪው ባለሥልጣን፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

በሳምንቱ «ልምድዎን እንዲያካፍሉ» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ወደ ጎረቤት ወረዳ ወደ ሁሩሙ ሄደ። አርባ ወጣቶች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ተሰልፈዋል።  ሙሉብርሃን ሩጫ ወደምታሠለጥናቸው የስፖርት መምህርት ወደ ዲሪቤ ዞረ።

«እህቴ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም። አንቺ አስሩጪያቸው» አላት።

ዲሪቤ ፊሽካዋን ነፋች፤ አርባዎቹም በቡናው ማሳ ዳር ተፈተለኩ። ሙሉብርሃን ጃኬቶቻቸውን ታቅፎ፣ እስኪመለሱ ቆሞ ጠበቀ።